ከአስፋልቱ አንድ የድንጋይ ውርወራ

እንግሊዝኛ ውስጥ ቅርበትን የሚገልጽ አንድ ሐረግ አለ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የድንጋይ ውርወራ ያህል» ማለት ነው። «ቤቱ ከገበያው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው» ይላሉ፤ ከበሩ ላይ ቆመህ ድንጋይ ብትወረውር ገበያው መሐል ይወድቃል፣ ያን ያህል ቅርብ ነው ለማለት። ሐረጉ ራሱ ማንንም አልበደለም። እኔ ግን ተጽፎ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

አምቦ ውስጥ በአንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስሠራ ሐረጉ በየሳምንቱ እጄ ላይ ይወድቅ ነበር። ክፍል የሚያከራይ ሰው ማስታወቂያ ያስጽፋል፤ «በእንግሊዝኛም ጨምርበት» ይላል። ሆቴል የከፈተ ሰው ለእንግዶች የሚሰጥ ወረቀት ያሠራል፤ «ከፍል ውሃው የድንጋይ ውርወራ ያህል» እንዲባልለት ይፈልጋል። ሆቴሉ ከተማው ጫፍ ነው፤ ባጃጅ ይዘህም ትንሽ ታስባለህ። «ይህ እኮ በእግር አይደረስም» ስለው፣ «አንተ ደግሞ! ማን በሜትር ይለካዋል?» ብሎ ይስቅብኛል።

ማንም በሜትር አይለካውም፤ ልክ ነው። እኔም ሜትር ይዤ አልከራከርም ነበር። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የለም፤ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ፣ ሽፋኑ በተቀደደ መዝገበ ቃላትና በሬዲዮ ነው የያዝኩት። ስለዚህ አንድ ሐረግ ሲገጥመኝ የት የት እንደገባ ብዙ ቦታ ሳላይ አልጽፈውም። ይህኛውን እንዲህ አድርጌ ነበር የያዝኩት፦ ጸሐፊው ቆሞ ቦታውን ማየት አለበት። አንባቢውም ቢመጣ፣ እዚያው ቆሞ «አዎ፣ ያውና» ማለት መቻል አለበት። ትንሽ ቢጋነን ምንም አይደለም። በመካከል ተራራ ካለ ግን፣ ገደል ካለ፣ ምሳ ተቋጥሮ የሚኬድ ከሆነ፣ ሐረጉ አያገለግልም። ሌላ ቃል ይፈለግ። ለዚህ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እህቴ ያገባችው ከጌዶ በታች ነው። ከአስፋልቱ ወርደህ በእግረኛ መንገድ ጥቂት ሜዳ ከሄድክ በኋላ አፋፍ ላይ ትደርሳለህ። ከአፋፉ ቁልቁል ስታይ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ገደሉ ሥር ተበትነው ያበራሉ። ቅርብ ይመስላሉ። መንገዱ ግን ተጠማዝዞ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተጠማዝዞ ነው የሚወርደው፤ ከአስፋልቱ እስከ እህቴ በር ባዶ እጁን ለሚሄድ ጎልማሳ ሁለት ሰዓት ነው። ይህ መውረዱ ነው። መውጣቱን ሰው እንደ ጉልበቱ ያውቀዋል።

ቀበሌው ወፍጮ የለውም። ወፍጮ ያለው ጌዶ ነው። ሴቶቹ እህሉን በማዳበሪያ ጆንያ አድርገው፣ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎህ ሳይቀድ ገደሉን ይወጣሉ። ወፍጮ ቤት ደርሰው ይሰለፋሉ። መብራት ከጠፋ ይጠብቃሉ፤ ካልመጣ ዘመድ ቤት ያድራሉ ወይም እህሉን እንዳለ ተሸክመው ይመለሳሉ። አህያ ያለው በአህያ ይጭናል። የእህቴን አህያ ጅብ በላት፤ ከዚያ ወዲህ አህያዋ እሷው ሆነች። ሦስተኛ ልጇን ስታጠባ ልጁን በፊት፣ እህሉን በኋላ አድርጋ ስትወጣ አይቻታለሁ። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ አጥር ያጥራል። እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መሄድ ግን በዚያ አገር የወንድ ሥራ አይደለም፤ አህያ ካለችው ነድቶ ይሄዳል፣ አህያ ከሌለችው ሚስቱ ትሄዳለች። ስለዚህ ወፍጮ ማለት ለእህቴ ጀርባዋ ማለት ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። መንገድም አይደለም፣ መብራትም አይደለም፤ ቀበሌው ውስጥ አንድ ባለ ናፍጣ ሞተር ወፍጮ።

አንድ በጋ፣ የቀበሌው ጸሎት ቤት ለሴቶች ማኅበር ወፍጮ የሚለግሱ የውጭ አገር ሰዎች እንዳሉ ሰማ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆን አለበት ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ የዚያው ቀበሌ ተወላጅና ጌዶ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ፤ ከሴቶቹ ደግሞ የምትናገረው እህቴ ሆነች። «ወንድሜ አምቦ ኮምፒውተር ቤት ነው ያለው፤ እሱ ይጽፋል» ብላ ወደ እኔ አመጣቻቸው።

ረቂቁን አስቀድሜ ሠርቼ ጠበቅኋቸው። የሴቶቹን ሁኔታ ጻፍኩ፤ ስለ ጀርባቸው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ገደሉ። ቦታውንም ጻፍኩ፦ ከአስፋልቱ በእግር ሁለት ሰዓት፣ አብዛኛው ቁልቁለት፣ መኪና አይገባም፣ ወፍጮውን ግን የቀበሌው ወንዶች ፈታተው በሸክም ያወርዱታል። በዚህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኮርቼ ነበር።

መምህሩ ቆመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ነው። እንግሊዝኛህ ንጹሕ ነው፣» አሉኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው የሁለት ሰዓቷን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዟት። በላይዋ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አንድ መስመር ጻፉ። ቀና ብዬ አየሁት። የድንጋይ ውርወራ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ...»

«ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልትነግረኝ ነው?»

«እርስዎ ያውቁታል። አንባቢውም ያውቀዋል። እሱ ነው የጨነቀኝ።»

ሳቁ። «ስማኝ። ሁለት ሰዓት ገደል ብለህ ስትጽፍ ሰውየው ቢሮው ውስጥ ነው ያለው። ቡና ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሃምሳ ማመልከቻ አለ። ያንተን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ አበቃ። ቅርብ ነው ካልከው ግን ይነሳል። እግሩን እናስጀምረው እንጂ! መንገድ የጀመረ ሰው ከመሃል መመለስ ያፍራል።»

«ባያፍርስ?»

«የማያፍር ሰው አለ?»

እህቴን አየሁ። ታግዘኛለች ብዬ ነበር። የምንነጋገረው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ሩቅ ነው ተብሎ የመጣ እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? እናታችን መንገደኛ ሲጠይቃት ምን ትለው ነበር?»

እናታችን የምትለውን አውቃለሁ። ያ አገር ሁሉ የሚለውን ነው የምትለው፦ «አሱማ»። እዚሁ ነው፣ ደርሰሃል ማለት ነው። ተራራው ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው «ጌዶ ስንት ይቀረዋል?» ብሎ ቢጠይቅህ፣ ገና ግማሽ ቀን ቢቀረው እንኳ «አሱማ» ትለዋለህ። ሩቅ ነው ብትለው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ጉልበቱን የከዳኸው ደግሞ አንተ ትሆናለህ። ስለዚህ ሰው ለሰው ቅርብ ነው ይላል። ውሸት ተብሎ አይቆጠርም። ደግነት ነው።

እኔም በአፍ ሲነገር ደግነት መሆኑን አልክድም። ምክንያቱም «አሱማ» ያለህ ሰው አጠገብህ ነው። ውሃ ይሰጥሃል፣ ዱላውን ያውስሃል፣ ከመሸ ቤቱ ያሳድርሃል። ወረቀት ግን ማንንም አያሳድርም። ወረቀት የሚያነበው ሰው ብቻውን ነው የሚያነበው፤ ሲደርስ የሚያገኘውም ያንን የተጻፈውን ቃልና ገደሉን ነው። ይህንን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ደንበኞች ፎቶ ኮፒ እየጠበቁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልነግራቸው ሞከርኩ። መምህሩ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ማመልከቻው የኮሚቴው ነው፤ ጻፈው፣» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ የኮሚቴው ነበር። እሳቸው ባረሙት መሠረት ጻፍኩት፣ ማኅተም ተደረገበት፣ ሄደ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። ቦታውን ለማየት እንመጣለን ይላል። መምህሩ ወረቀቱን በእጃቸው እያርገበገቡ አምቦ ድረስ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እግሩ ተነሳ ወይስ አልተነሳም?»

ተነስቷል። ምን እላለሁ።

የመጡ ዕለት እኔ እንዳስተረጉም ተጠራሁ፤ ሊቀ መንበሩ ንግግር ያደርጋሉ እንጂ አያስተረጉሙም ተባለ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ዳር ቆመች። ከውስጧ አንዲት ጠና ያለች ፈረንጅ፣ ከአዲስ አበባ አብሯት የመጣ ወጣት ሠራተኛና ሹፌሩ ወረዱ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ከነጠላ ጫማ ትንሽ የሚሻል፣ ለሆቴል ግቢ የሚሆን ስስ ጫማ ነው። ሴትየዋ ጅል አይደለችም፤ ወረቀቱን አንብባ ነው የተጫማችው።

ሜዳውን እየተጨዋወትን አለፍነው። «ልጆቼን አስታወሳችሁኝ» አለች፤ ስለ ዛፎቹ ጠየቀች። ከወደ ታች አንድ ሽማግሌ በሬ እየነዱ መጡና ሰላም ተባባልን። ወጣቱ ሠራተኛ ኦሮምኛ አይችልም፤ በአማርኛ ጠየቃቸው፦

«አባባ፣ መንደሩ ስንት ይቀረናል?»

«አሱማ!» አሉት በዱላቸው ወደ ፊት እየጠቆሙ። «ደርሳችኋል፣ ልጄ፤ በርቱ!»

«ምን አሉ?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ቅርብ ነው ይላሉ» አልኩ። ያሉት ይህንን ነው፤ አስተርጓሚ ነኝ።

ፈገግ አለች። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል፤ ያቺ ፈገግታ እምነት ነበረች።

አፋፉ ላይ ደረስን። ነፋስ አለ። ከታች ጣሪያዎቹ ያበራሉ፤ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ነጠላ የለበሱ ሰዎች እንደ ጤፍ ተበትነው ይታያሉ። ሴቶቹ ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ ወፍጮው የሚቆምበትን ቦታ ጠርገው፣ ለመሠረቱ ድንጋይ በሸክም አምጥተው ከምረው፣ እርጎ አቅርበው እየጠበቁ ነበር። እህቴ እዚያ መሃል ናት። ሴትየዋ ቁልቁል አየች፤ መንገዱን በዓይኗ ተከተለችው፤ ሲታጠፍ፣ ሲመለስ፣ ሲታጠፍ።

«ያ ነው መንደሩ?»

«አዎ።»

«በዚህ መንገድ?»

«ሌላ መንገድ የለም።»

«እውነቱን ንገረኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

የጠየቀችኝ እውነቱን ነው፤ እንደ ሽማግሌው «አሱማ» ልላት አልቻልኩም። «እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀረናል። በዚህ ጫማ ደግሞ ይበልጣል» አልኳት።

ቦርሳዋን ከፈተች። ማመልከቻችንን አወጣች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ሐረጉን ጮክ ብላ አነበበችው። ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ሊያቀጣጥል ይታገል ነበር፤ ሠራተኛው የተነበበውን በአማርኛ ሲነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«ይህን ድንጋይ የወረወረው ሰውዬ የት ነው ያለው? ኦሎምፒክ እንላከው እንጂ!»

ማንም አልሳቀለትም። መምህሩ ወደ ፊት መጡ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ በፈገግታ፣ በአገራችን እንግዳን ለማበረታታት ቅርብ ነው እንደሚባል፣ ባህል እንደሆነ ማስረዳት ጀመሩ። ሰማቻቸው። አልተቆጣችም። ምነው ብትቆጣ ኖሮ። በጣም በቀስታ፣ ልጅ እንደሚመክር ሰው እንዲህ አለች፦ «ይህ እውነት ካልሆነ፣ ስለ ሴቶቹ የጻፋችሁት እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችና ወደ መኪናዋ ዞረች።

ወደ ታች ጠቆምኩላት። «ያውልሽ! እዚያ ያሉት ሴቶች ናቸው! ወርደሽ ጠይቂያቸው። ጀርባቸውን እይ። እህሉን በዚህች ባየሻት መንገድ ነው የሚያወጡት፤ አንቺ ባዶ እጅሽን የማትወርጅውን እነሱ ተሸክመው ይወጡታል። ወረቀቱ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ገደሉ ግን ምን ዋሸ?» እንግሊዝኛዬ ተፋለሰ፤ ያልኩትን ሁሉ በትክክል አላልኩትም። ሠራተኛው ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ተው ወንድሜ፣ እሷ ብቻዋን አይደለችም የምትወስነው፣» አለኝ በአማርኛ።

የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። በማመልከቻው ላይ የጻፍነው ዋና ነገር መንገዱ ሩቅ መሆኑ ነበር። ወፍጮ ያስፈለገው ሩቅ ስለሆነ ነው። ቅርብ ቢሆን ወፍጮ ምን ያደርጋል? አፋፉ ላይ ቆማ የሩቅነቱን ማስረጃ በዓይኗ አየች፤ አይታም በሩቅነቱ ምክንያት ተመለሰች። እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን፣ በአንዲት ያማረች ሐረግ፣ ራሳችንን አስተባበልን። መምህሩ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ያፍራል ብለው ነበር። አላፈረችም። ለምን ታፍራለች? የተዋሸችው እሷ ናት።

ሴቶቹ ከታች ያዩት ሴትየዋ ለፀሐይ የያዘችውን ጃንጥላ ነው። እህቴ በኋላ ነገረችኝ፦ ቢጫ ጃንጥላ አፋፉ ላይ ብቅ አለ፤ እልል አሉ። ጃንጥላው ቆመ። ቆመ። ከዚያ ጠፋ። «ተጠምዝዘው እየመጡ ነው» ብላ አንዷ እስከ ከሰዓት አስጠበቀቻቸው።

ወፍጮው አስፋልት ዳር ለምትገኝ ሌላ ከተማ ተሰጠ፤ ሁለት ወፍጮ ለነበራት። መኪና እስከ በሩ ይገባል።

ከመምህሩ ጋር ጌዶ ላይ ተጣላን፤ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን። «ነግሬዎት ነበር!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ሲል ራሴው ደነገጥኩ፤ እኔ ጮክ ብዬ የምናገር ሰው አይደለሁም። እሳቸው አልጮኹም።

«እሺ፣ ባንተ እንሂድ። እንዳንተ አድርገህ ለሌሎቹ ጻፍ። ማኅተሙን እኔ አመጣለሁ።»

ጻፍኩ። ለሌሎች ለጋሾች ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደብዳቤ የለፋሁበት ጽሑፍ የለም። እያንዳንዷን ቃል መዘንኳት። ሁለት ሰዓት አልኩ፤ ገደል አልኩ፤ ክረምት ላይ መንገዱ እንደሚንሸራተት ጻፍኩ፤ ወንዶቹ ወፍጮውን እንዴት እንደሚያወርዱት በዝርዝር ጻፍኩ። የሚመጣው ሰው ጠንካራ ጫማ እንዲያደርግ ጭምር ጻፍኩ። አንድም የተጋነነ ነገር አልነበረባትም። አንባቢው አፋፉ ላይ ቢቆም «አዎ፣ ያውና» የሚልባት ደብዳቤ ነበረች።

መልሱ አጭር ነበር። ቦታው ለመኪና ምቹ ስላልሆነ ማመልከቻችሁን ለመመልከት አንችልም፤ ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን።

ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን! ማንም አልመጣም። ማንም አፋፉ ላይ አልቆመም። ጃንጥላ እንኳ አልታየም። መምህሩ ሲሰሙ አልተሳለቁብኝም፤ ቢሳለቁ ይሻለኝ ነበር። «የኔዋ ቢያንስ እስከ አፋፉ አምጥታቸዋለች፣» አሉ ብቻ፣ ወደ መሬት እያዩ። ልክ ነበሩ፤ እኔም ልክ ነበርኩ። ወፍጮ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ነው ንዴቴ መድረሻ ያጣው። በመምህሩ ልናደድ ስል ስሌታቸው ትዝ ይለኛል፤ እሳቸው ያወቁትን ቢሮ እኔ አላወቅኩትም ነበር። በሴትየዋ ልናደድ ስል ጫማዋ ይታየኛል። ግልጽነቴን ባመሰገኑት ልናደድ ስል ፊት የላቸውም፤ የታተመ ስም ብቻ ነው። እውነት ብትጽፍ የማይነሳ፣ ብትዋሽ ደግሞ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ዘንድ ነው ወፍጮው ያለው። ለእንደዚህ ዓይነት አንባቢ ምን ቃል ይጻፋል? መዝገበ ቃላቴን አገላበጥኩ፤ የለውም።

በቀጣዩ ዓመት እህቴ ቤት ሄድኩ። መልሱን ማንበብ ነበረብኝ፤ በሌላ ሰው አፍ ብቻ ነበር የሰማችው። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅም ነበር። አነበብኩላት፤ ወደ ኦሮምኛ መለስኩላት። ሰማች። እጇ ከስንዴው አልተነሳም።

«እንደገና ጻፍ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለሌላ። ፈረንጅ አልቋል እንዴ? ቅርብ ነው ብለህ ጻፍ። እንደ መምህሩ።»

«እቴ፣ አይተሽው የለ? መጥተው ይመለሳሉ።»

«ይመለሱ! አሥሩ ቢመለሱ አንዱ ይወርዳል።»

«ውሸት አልጽፍም።»

አሁን እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። በልጅነቴ ስትመታኝ እንኳ እንደዚያ አላየችኝም።

«ምን አልክ?»

«ያ ቃል ለዚህ አይሆንም። ሰው እየዋሸ...»

«አንተ አምቦ በወንበር ላይ ተቀምጠህ ቃልህን ጠብቅ። ደስ ይበልህ። ቃልህ ግን እህል አይፈጭም!» ሰፌዱን አስቀመጠችው። «እኔ ነኝ የምወጣው። ቅርብ በለው፣ ሩቅ በለው፤ ያንተ ወረቀት ላይ ነው የሚቀያየረው። እኔ ጀርባ ላይ አንድ ነው።»

ውሸቱን ግን አልጻፍኩም። ግትር በለኝ፤ ብዙ ሰው ብሎኛል። ሴትየዋ አፋፉ ላይ ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነው፦ በምን አውቃለሁ። አንድ ውሸት ጽፈን የእህቴ ጀርባ ራሱ ውሸት ተባለ። ያንን በእጄ እንደገና አልሠራውም።

እዚያው አደርኩ። ጎህ ሳይቀድ ስትነሳ ሰማኋት። ስንዴውን ጆንያ ውስጥ ጨምራ፣ አፉን ሰፍታ፣ ገመዱን ዘርግታ ልትጎነበስ ስትል ደረስኩ። ጆንያውን ያዝኩት።

«ልቀቅ።»

«እኔ እወስደዋለሁ።»

«ሰው ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ።»

ባሏ ከጓዳ በር ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ገባ። እህቴ ገመዱን ለቀቀችልኝ። ጆንያውን ጀርባዬ ላይ አድርጌ በራሴው ዘዴ አሰርኩት።

ገደሉን ስወጣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ነበርኩ፤ እነሱም የየራሳቸውን ተሸክመዋል። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ አንዷ አየችኝና ቆመች።

«ኧረ እናንተ! የመምህሩን ወረቀት የጻፈው ልጅ ነው! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ሚስት ሆኗል!» አለች ሌላዋ፤ ገደሉ በሳቅ ተሞላ።

«እሰይ! በላ፣ ስትመለስ ጋግር!»

«ተዉት፣ ሊለካው ነው የመጣው። ይኼ ልጅ ያለ ልክ ነገር አይወድም» አለች አንዲት ጠና ያለች ሴት፤ ከሁሉም ይህችኛዋ ወጋችኝ።

እነሱ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ አንዷም ሳትቆም ቀደሙኝ። አፋፉ ላይ ስደርስ ገመዱ ትከሻዬን ልጦት ነበር። ቁልቁል ለማየት ዞር አላልኩም። ስደርስ ወፍጮ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ ባለ ወፍጮው ፊቱ ሁሉ ዱቄት ሆኖ አየኝና፣ «አንተ፣ አህያህን የት አሰርካት?» አለኝ። «ተሸክሜ ነው» ስለው መዶሻውን አስቀምጦ ሌላ ሰው ጠራና ወደ እኔ ጠቆመለት።

ከሰዓት በኋላ ዱቄቱን ይዤ ወረድኩ። እህቴ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ጆንያውን አወረደችልኝ፤ ዱቄቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አየችው። ስለ ደብዳቤው አላነሳችም። ከዚያ ሸሚዜን ከትከሻዬ ገለጥ አድርጋ የተላጠውን አየች።

«ገመዱን ላይ አድርገህ ነው ያሰርከው» አለችኝ። «ዝቅ አድርገው። ደረትህ ላይ ይዙር እንጂ አንገትህ ሥር አይግባ። ና፣ ቁም።» ባዶውን ጆንያ ጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ ገመዱን በብብቴ ሥር አዙራ፣ ደረቴ ላይ ቋጠረችው። ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። «እንዲህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ቅዳሜ ተመልሼ ስመጣ፣ ሁለት ጆንያ ተሰፍቶ በሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁ። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው የጎረቤቷ ነው፤ ሰሞኑን ስለወለደች ለእኔ የተተወ።